ክርክር፦ የመዋዕለ ሕፃናት ግቢ አፈር ወይስ ሲሚንቶ?

አወያይ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ መዋዕለ ሕፃናት የሚሠሩት በኪራይ ቪላ ነው፤ ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ነው። ፈቃድ ሲሰጥ የአፈርና የሣር ቦታ ግዴታ ይሁን? ምክንያታችሁን በዝርዝር አስቀምጡ።

የኬጂ መምህርት፦ ግዴታ ይሁን። የአራት ዓመት ልጅ ደስታው እጁ ላይ ነው፤ መቆፈር፣ ማፍሰስ፣ ማቡካት ይፈልጋል። ሲሚንቶ ላይ የሚቀረው ሩጫ ነው። ሩጫው ጉልበት ያስልጣል፣ ከዚያ ሞግዚቶች «አትሩጡ!» ይላሉ። ዥዋዥዌ አንድ፣ ተራ ጠባቂ ሠላሳ፤ ጠቡ የሚነሣው ከዚያ ነው። አፈር፣ ውሃና ጭራሮ ያለበት ጥግ ተራ አያስጠብቅም። አንዷ «እንጀራ» ስትጋግር ሌላው መንገድ ይጠርጋል፤ ዓይን አፋሩም ልጅ ቃል ሳያወጣ ጨዋታው ውስጥ ይገኛል።

የኬጂ ባለቤት፦ እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው። ግን አከራይ ሲሚንቶው እንዲሰበር አይፈቅድም። ወላጅም ዩኒፎርሙ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲያይ ይቆጣል። ልጁን የሆድ ትል ቢይዘውስ ተጠያቂው ማን ነው?

የሕፃናት ሐኪም፦ የትሉን ነገር እኔ ልመልስ። የወስፋት እንቁላል ከዓይነ ምድር ጋር እንደ ወጣ ወዲያው አያሲዝም፤ አፈር ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት መቆየት አለበት። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ደግሞ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ጥፋቱ የአፈሩ ሳይሆን አፈሩ ላይ የተጣለው ዓይነ ምድር ነው። ድመትና ውሻም የራሳቸው ትል አላቸው፤ ልጆቹ የሚጫወቱበት አሸዋ ማታ በሸራ ይሸፈን። ልጆቹ ጫማ ያድርጉ፣ ጥፍራቸው ይቆረጥ፣ ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ሲመዘገቡ የክትባት ካርዳቸው ይታይ፤ መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለው ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ውስጥ አለ።

ስለ ትል እንጨነቃለን፣ ቤት ተዘግቶ መዋል የሚያመጣውን ግን እንረሳለን። «ምች ይመታዋል» ተብሎ ፀሐይ ያልነካው ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ሪኬትስ የምንለው ነው። በመስኮት መስታወት የሚገባ ብርሃን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ አያደርግም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ለዓይንም እንዲሁ ነው። በቻይና ጓንግዡ አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ውጭ እንዲቆዩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት መሠረት ከሦስት ዓመት በኋላ ሩቅ ያለውን አጥርቶ ያለማየት ችግር የጀመራቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጨመረላቸው መካከል 39.5 በመቶ ነበሩ።

የኬጂ ባለቤት፦ ዶክተር፣ ይኼ ሁሉ ሲሚንቶ ላይም ይገኛል እኮ! ፀሐይዋ አንድ ናት።

የሕፃናት ሐኪም፦ ብርሃኑን በተመለከተ ትክክል ነዎት። አፈሩ ሌላ ነው። በፊንላንድ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆች የሚውሉበት ግቢ በጫካ አፈርና በሣር ተሸፈነ። በ28 ቀን ውስጥ ቆዳቸው ላይ ያሉት የባክቴሪያ ዓይነቶች በዙ፣ ደማቸው ውስጥም የመከላከያ ሥርዓታቸውን የሚያረጋጉ ምልክቶች ተሻሻሉ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ልጆቹ 75 ብቻ ስለነበሩና በሽታ መቀነሱ ስላልተለካ ከዚህ አልፌ አልናገርም።

የአትክልት ባለሙያ፦ ሲሚንቶው መሰበር የለበትም። 2 በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሳንቃ ሣጥን እላዩ ላይ ይሠራል። ከታች 10 ሴንቲ ጠጠር፣ ከላይ 30 ሴንቲ የታጠበ አሸዋ፤ አሸዋው ወደ 1.8 ሜትር ኩብ ነው። ከሳንቃው ግርጌ በየግማሽ ሜትሩ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተው፤ ይህ ሲረሳ ውሃው ይቋጥርና ይገማል። ለተክል መደብ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) አታስገቡ፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ይይዛል። ቀይ አፈር ከአሸዋና ከብስባሽ ጋር ይሻላል። ለሣር ሰርዶ ረገጣ ይችላል፣ ግን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን አሳርፉ። ሙሉው በአንዴ ሲረገጥ ሥሩ ይታፈንና መላጣ ይሆናል። ጉሎና አስተናግር ካሉ ዛሬውኑ ይነቀሉ፤ ፍሬያቸው መርዝ ነው። ዥዋዥዌም ሲሚንቶ ላይ መተከል የለበትም።

የኬጂ ባለቤት፦ ሣጥኑ ይቻላል። እንግዲያው ሕጉ ስፋት ሳይሆን ሰዓት ይጠይቅ፤ በቀን አንድ ሰዓት ውጭ። ግቢ የሌለው ልጆቹን ይዞ መናፈሻ ይሂድ።

የኬጂ መምህርት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ተቆጣጣሪ መጥቶ ሜትር መለካት ይችላል፤ ሰዓትን ማን ይለካል? ወረቀት ላይ ይሞላና ልጆቹ ቴሌቪዥን ፊት ይውላሉ። ሠላሳ ሕፃን በሁለት ሞግዚት አስፋልት አሻግሮ መናፈሻ መውሰድም አደጋ ነው። ሣጥኑም ሰዓቱም ይጻፍ። ለዩኒፎርሙ አሮጌ ቱታ ከቤት ይምጣ፣ በየልጁ ስም ይሰቀል።

አወያይ፦ ክረምቱስ?

የኬጂ መምህርት፦ የአዲስ አበባ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይውጡ። ለካፊያ ቦት ጫማና ካፖርት ይበቃል። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን ወዲያው ወደ ክፍል፤ ዛፍ ሥር መጠለል የለም።

የኬጂ ባለቤት፦ የሣጥኑን ልክ ለአከራዬ እልካለሁ። ስለ ሰዓቱ ግን ገና አልተስማማንም።