ዲቪ ወረፋ ነው እንዴ?

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ትናንት በማኅበራችን የዙም ስብሰባ ላይ አንዱ ወንድማችን «ለዳካ ልጆች፣ በልጅነታቸው አሜሪካ ገብተው ያለ ወረቀት ለቀሩት፣ ቋሚ ወረቀት መስጠት ወረፋ ጠብቀን የመጣነውን መስደብ ነው» አለ። የስንቱ አውራ ጣት እንደወጣለት አይታችኋል? ደሜ ፈላ! እኛም ስደተኞች ሆነን?

የዳላስ ልጅ፦ «አንዱ ወንድማችን» እኔ ነኝ። ስሜን ጥሪ። ፎርም ሞልቼ፣ ምርመራ አድርጌ፣ ኤምባሲ ቀርቤ በዲቪ ነው የመጣሁት። ወረፋ ወረፋ ነው።

አቤል፦ ዲቪ ወረፋ ነው? ዕጣ ነው እንጂ ጌታው! ኮምፒውተር ስምህን አወጣው፣ መጣህ። ምኑን ጠበቅክ?

የዳላስ ልጅ፦ ዕጣም ቢሆን ሕጋዊ ዕጣ ነው።

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ማን ካደ? የነሱ ወረፋ የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኛ። በእናቷ ጀርባ ድንበር የተሻገረች ልጅ እዚሁ ላመልክት ብትል «በቪዛ አልገባሽም» ትባላለች። ወጥቼ ላመልክት ካለች ደግሞ፣ 18 ከሞላት በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ወረቀት ከኖረች 10 ዓመት በር ይዘጋባታል። የት ሄዳ ትሰለፍ?

ጋሽ ሙሉ፦ ልጆች፣ የዕጣውን ነገር ተዉት። ዳካ ኦባማ በጁን 2012 ያወጣው መመሪያ ነው፣ ሕግ አይደለም። 16 ሳይሞላው የገባና ከጁን 2007 ጀምሮ እዚህ የኖረ ልጅ በየሁለት ዓመቱ የሚያድሰው ከመባረር መጠበቂያና የሥራ ፈቃድ ነው። ትራምፕ በ2017 ሊዘጋው ሲል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 5 ለ4 አገደው። ያገደው ግን አዘጋጉን አይቶ ነው፤ ዳካ ራሱ ሕጋዊ ነው አላለም። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ቴክሳስ ዳካ ላይ ባቀረበችው ክስ ምክንያት አዲስ አመልካች አይጸድቅለትም። ኮንግረስ ሕግ ያውጣና ይገላገሉ ነው የምለው።

አቤል፦ ጋሽ ሙሉ፣ ሕጉማ ከ2001 ጀምሮ ሲንከባለል ነው የኖረው። ሴናተሮቹ ደርቢን ዴሞክራት፣ ሃች ሪፐብሊካን፣ አብረው አቀረቡት። በ2010 የተወካዮች ምክር ቤት አሳልፎት ሴኔት ላይ 55 ድምፅ አገኘ። ክርክሩን ለመዝጋት የሚያስፈልገው 60 አልሞላም ተብሎ ቀረ።

የዳላስ ልጅ፦ ያኔ ሴኔቱ በማን እጅ ነበር? በዴሞክራቶቻችሁ! 5 ዴሞክራት «እምቢ» ብሎ ነው የወደቀው። ይህችን ለምን ዘለልካት?

አቤል፦ «እሺ» ያሉት ሪፐብሊካን 3 ብቻ ናቸው። አንተስ ለምን ዘለልካት?

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ አረጋውያን ማረፊያ አብራኝ የምትሠራ የሳልቫዶር ልጅ አለች። የመጣችው በአራት ዓመቷ ነው። አሁን የዳካ ማሳደሻው በኦንላይን 555 ዶላር ነው። አምና ካርዱ ሳይደርስ የድሮው አለፈበት። ሰኞ ስንገባ ስሟ ከሥራ ሰሌዳው ላይ በነጭ ቀለም ተሰርዟል። አለቃችን «ካርድሽን ይዘሽ ነይ» አላት፣ በቃ። የምታጥባቸው አሮጊት «ልጄ የት ሄደች?» እያሉ ሰነበቱ። እሷ ናት አንተን የሰደበችህ?

የዳላስ ልጅ፦ ታሳዝናለች፣ ልቤ ድንጋይ አይደለም። ግን ለእህቴ በ2009 አመልክቼላት ዛሬም አዲስ አበባ ተቀምጣለች። የሷን ወረፋስ ማን ይዘንለት?

አቤል፦ እህትህን ያስቀመጣት የኮንግረስ ኮታ ነው። ለወንድምና ለእህት በዓመት 65,000 ቪዛ፣ ለዓለም በሙሉ! የሳልቫዶሯ ልጅ አልቀደመቻትም። እዚያ ላይ ጩህ፣ አብሬህ እጮሃለሁ።

ሜሪላንድ 301፦ አቤል ግን አንተ በምን ገባህ? የአሳይለም (ጥገኝነት) ታሪክህን ማን ጻፈልህ? 😂

አቤል፦ ኬዜን ምን አመጣው? ወንድ ከሆንክ በስምህ ግባ!

ጋሽ ሙሉ፦ ኧረ በእግዜር! እዚህ ግሩፕ ላይ የሰው ኬዝ አይነሳም ተባብለን አልነበረም?

ሜሪላንድ 301፦ ጋሼ፣ ቀልድ ነው። የደነገጠው ግን እሱ ነው።

የዳላስ ልጅ፦ እኔን ዕጣ ብሎ ሲሰድበኝ ቀልድ ነበር፣ አሁን አመመው?

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እየመለሳችሁልኝ አይደለም። ወጥታ ትሰለፍ የሚል ካለ ቦታውን ይጻፍልኝ።