ይግባኝ ከአዳማ ሆኜ በኦንላይን ላስገባ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?

የአዳማዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ አዲስ አበባ ከሚኖር ሰው ጋር በመኪና ሽያጭ ተካሰው ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደባቸው። ወደ ጠቅላይ ይግባኝ ልንል ነው፣ ውክልናው እኔ ጋ ነው። ማመልከቻውን ራፖር ጸሐፊ ጽፈውልኝ በፍላሽ ሰጡኝ፣ ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው ግን ፊደሉ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆነብኝ። ማስረጃዎቹን በስልኬ ፎቶ አንስቻለሁ፣ ይበቃል? ደግሞ የይግባኝ ማስገቢያው 60 ቀን ሊያልቅ ብዙ አልቀረውም። በመጨረሻው ቀን ማታ ብልከው ይያዝልኛል?

ጠበቃ ነኝ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን። 60 ቀኑ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ጀምሮ ነው፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 323 እሱን ነው የሚለው። የፍርድ ግልባጭ ዘገየብኝ በሚል አትዘናጊ። ካለፈ አንቀጽ 326 ማስፈቀጃ አለው፣ ግን በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፤ የጠበቃ ወይም የወኪል ጥፋት ደግሞ በቂ ምክንያት አይሆንም። ወኪሉ አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ ያንቺ መዘግየት አባትሽን ነው የሚጎዳው። የመጨረሻ ቀን ማታ የሚለውን ሐሳብ ከነጭራሹ ተይው። መላክና መዝገብ መከፈት ሁለት ነገር ነው፣ ሬጅስትራሩ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ) ገጽ ጎድሏል ወይ አይነበብም ብሎ ቢመልሰው ማስተካከያ ጊዜ ይኑርሽ። የተረጋገጠውን የፍርድ ግልባጭና ውክልናውን ማያያዝ እንዳትረሺ።

የጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ፦
ፊደሉ የተበላሸው በፓወር ግዕዝ ስለተጻፈ ይመስለኛል፣ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ራፖር ጸሐፊው ጋ ተመለሺና እዚያው ማሽን ላይ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡልሽ፣ ከዚያ ስልክሽ ላይ ከፍተሽ አንብቢው።

ፎቶውን ተይው በናትሽ! የእጅ ጥላ ይወድቅበታል፣ ጠርዝ ላይ ያለ የመዝገብ ቁጥር ይቆረጣል። ስካን አስደርጊ፣ በከለር። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይን ጠጁ ማህተም ከጽሑፉ ጋር ተቀላቅሎ ግራጫ ጭጋግ ይሆናል፣ ማን እንደፈረመ እንኳ አይለይም። የስካኑ ጥራት (ዲፒአይ የሚሉት) 200 ወይም 300 ይበቃል፣ 600 ካደረጉት ፋይሉ ይከብድና በኛ ኔትወርክ መሃል ላይ ይቆማል። ፋይሎቹን በማስረጃ ዝርዝሩ ተራ ቁጥር ሰይሚያቸው።

ታዛቢ፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? አዳማ እኮ ነሽ፣ ጠዋት በክፍያ መንገዱ ወጥተሽ በእጅሽ አስገቢና ማህተም አስመትተሽ ተመለሺ።

ጠበቃ ነኝ፦
ላንቺ ያ መንገድ አለ፣ ሲስተሙ እምቢ ካለም ተጠቀሚበት። ግን ወንድሜ፣ ከጂንካ ወይ ከመተማ የሚመጣውን አስበው፤ አንድ ወረቀት ለማስገባት አልጋ ይዞ ማደር አለበት? የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012 እኮ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ውጤት እንዳለው አውቆታል። እኛ ባለሙያዎቹ ካልለመድነው ባለጉዳዩ እንዴት ይለምደዋል?

የአዳማዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኦርጅናሎቹንስ ምን ላድርግ?

የጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ፦
አስቀምጪያቸው፣ ችሎቱ አቅርቢ ሊልሽ ይችላል። ከላክሽ በኋላ የሚመጣውን ማረጋገጫም አትሚው። ሰዓቱ 16:30 ካለ በኛ 10:30 ማለት ነው፣ ቀኑም በፈረንጅ ሊሆን ስለሚችል ከ60 ቀኑ ጋር ስታመሳክሪ ወደ እኛ ቀይሪው።