ለደሴ ብርድ በአነስተኛ በጀት ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ፣ በቆርቆሮ በተከደነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት ብርድ ስለከበዳቸው ማሞቂያ ልገዛ ብል፣ ነጋዴው የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ኤሲ እንድወስድ መከረኝ። በጀቴ አነስተኛ ነው፤ ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ለማይጠቀሙበት ማቀዝቀዣ ባይከፍሉ ይሻላል። ጣሪያዎ ኮርኒስ ከሌለው አስቀድመው እሱን ያሠሩ፤ ሙቀቱ በባዶ ቆርቆሮ እየወጣ የትኛውንም ማሞቂያ ቢያስገቡ ቤቱ አይሞቅም። በበሩ ሥር ያለውንም ክፍተት በጎማ ይድፈኑት። ከዚያ ለመኝታ ክፍሉ ብቻ ዘይት ያለበት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይበቃል። 2,000 ዋት የሆነው በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ በቀጭን ማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ይሰኩት።

መልስ፦ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ነጋዴው ጨርሶ አልተሳሳተም። ተራ ማሞቂያ የወሰደውን መብራት ያህል ሙቀት ሲሰጥ፣ ኤሲው ሙቀቱን ከውጭ አየር ስለሚስብ 3 እጥፍ ገደማ ሊሰጥ ይችላል። ይህ የሚያዋጣው ቀኑን ሙሉ ለሚያሠራው ነው፤ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ለሚጠቀም ሰው ግን የመግዣውን ዋጋ ቶሎ አይመልስም። ለማቀዝቀዙ ከሆነ፣ ከደሴ ይልቅ የሚሞቀን እኛ ኮምቦልቻዎች እንኳ በቬንትሌተር እንብቃቃለን።

መልስ፦ መብራት ሲጠፋ የከሰል ምድጃ አስገብተው እንዳይተኙ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ሽታም ጢስም ስለሌለው አይታወቅም። ለእናታችን ከመኝታ በፊት ሙቅ ውኃ የያዘ የጎማ ከረጢት እግራቸው ሥር ያኑሩላቸው።