ከብየዳ ቤት ጋር ግድግዳ እንጋራለን፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው። ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ በርና መስኮት ይበይዳል፤ በመካከላችን ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ቀን መብራት ሲጠፋ ሥራውን ወደ ማታ ያዞረዋል፣ ብረት መቁረጫው ግራይንደርም እስከ እኩለ ሌሊት ይጮኻል። እናቴ የደም ግፊት አለባት። ድምፁ ሲነሳ ደንግጣ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም።

በትህትና ነግሬዋለሁ። «ልጆቼን ምን ላብላ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንጀራው ነው፤ እንዲዘጋበት አልፈልግም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መቁረጫውን ቢያቆምልኝ ይበቃኛል፣ ብየዳው እንኳ ይቀጥል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ማድረስን ይከለክላል። ግን ክስ የሚለውን ቃል ሳነሳ እናቴ እሺ አትልም። አንድ እድር ነን፤ በዒድም በፋሲካም እንጠራራለን፣ አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው። በወሎ ሼሁና ቄሱ አብረው ተቀምጠው ስንቱን ጠብ አብርደዋል፤ በገጠሩማ አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም ያደርቃሉ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ ሽማግሌ ከእድሩ ልላክ ወይስ እሱ የሚያከብራቸው ሼህ ይሻላሉ? ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን ብልስ እንደ ንቀት ይቆጥርብኝ ይሆን? በተለይ ብየዳ ላይ ያላችሁ ንገሩኝ፦ ድምፁን የሚቀንስ ዘዴ ካለ ወጪውን ልጋራው ዝግጁ ነኝ።