ሊጋችን 13ኛ ሳምንት ላይ በኮሮና ቆሟል፤ እንዴት እንጨርሰው?

የሊጉ ጸሐፊ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንኳን ለ2013 አደረሳችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሰፈር ሊግ ጸሐፊ ነኝ። ምክር እፈልጋለሁ።

አሥር ቡድን ነን፣ ደርሶ መልስ 18 ጨዋታ። መጋቢት 6 እሁድ 13ኛውን ሳምንት ተጫወትን። በማግስቱ ሰኞ ትምህርት ቤቱም ስፖርቱም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ኳስ አልተነካም። ውጤት የምመዘግብበት ደብተር እስካሁን እዛው ገጽ ላይ ነው፤ የ14ኛውን ሳምንት ተጋጣሚዎች በእርሳስ ጽፌ ውጤቱ ባዶ ነው።

ሰንጠረዡ እንዲህ ነው። አንደኛው 31 ነጥብ አለው። ሁለተኛው 29፣ ግን አንድ ተስተካካይ ጨዋታ ይቀረዋል። ተስተካካዩ ደግሞ ከ9ኛው ቡድን ጋር ነው። ወራጅ ሁለት ነው። 8ኛውም 9ኛውም 12 ነጥብ አላቸው፣ የተለያዩት በጎል ክፍያ ነው። የመጨረሻው 9 ነጥብ ላይ ነው።

ችግሩ ሜዳው ነው። የምንጫወትበት የትምህርት ቤት ሜዳ ከጥቅምት 15 እስከ ኅዳር 27፣ ያውም እሁድ እሁድ ብቻ ይሰጣችኋል ተብለናል። ሰባት እሁድ ማለት ነው። የቀረን ጨዋታ ግን ከተስተካካዩ ጋር 26 ነው። በቀን ሦስት እንኳ ብናጫውት 21 ነው፣ አይበቃም።

ኮሚቴው ለሦስት ተከፍሏል። አንደኛው ቡድን እየመራን ነው፣ ዋንጫው ይሰጠን ይላል። ከታች ያሉት ፕሪሚየር ሊጉም ተሰርዟል፣ የኛም ይሰረዝ ይላሉ። ሌሎቹ ነጥቡ ለተጫወቱት ጨዋታ ተካፍሎ ይወሰን ይላሉ። ባለፈው ስብሰባ አብረው ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች ሳይሰነባበቱ ነው የተለያዩት፤ እኔን የከበደኝ እሱ ነው። ከየቡድኑ 3,000 ብር መዝገቢያ ተቀብለናል፣ ስለዚህ ዝም ብሎ መበተንም አይቻልም። ምን ይሻላል?

ቀይ ማልያ፦

ወንድሜ መጀመሪያ ማካፈሉን ሠርታችሁታል? እኔ አሁን በስልኬ ሠራሁት። አንደኛው 31 ለ13 ሲካፈል 2.38 ነው። ሁለተኛው 29 ለ12፣ 2.42 ይመጣል። መሪው ተቀየረ ማለት ነው! ከታችም እንደዚያው፣ 8ኛው 0.92፣ 9ኛው 1.00 ስለሆነ ወራጁ ይገለበጣል። አንድ ተስተካካይ ጨዋታ ዋንጫንም ወራጅንም ቀየረ። ይሄን ለቡድኖቹ ስትነግራቸው ስብሰባው ካለፈው ይብሳል።

በእንግሊዝ የሴቶች ሊግ የሆነው ቁርጥ ይሄው ነው። ማንችስተር ሲቲ በ16 ጨዋታ 40 ነጥብ ነበረው፣ ቼልሲ በ15 ጨዋታ 39። ሲካፈል ቼልሲ በለጠና ዋንጫው ለሱ ተሰጠ። የእንግሊዝ ሦስተኛ እርከን በሆነው ሊግ ዋን ላይ ደግሞ ዋይኮምብ 8ኛ ነበር። ነጥቡ ሲካፈል 3ኛ ሆኖ ተገኘ፣ ጥሎ ማለፉን አሸንፎ ወደ ቻምፒዮንሺፕ አደገ። እዛው ሊግ ላይ ትራንሜር ከወራጅ ቀጠና ለመውጣት 3 ነጥብ ብቻ ይቀረው ነበር፣ ተስተካካይ ጨዋታም ነበረው፣ ግን በሒሳብ ወረደ። ስኮትላንድም ኸርትስ ስምንት ጨዋታ እየቀረው፣ በ4 ነጥብ ብቻ ተበልጦ ወረደ። ሜዳ ላይ ተሸንፎ መውረድ ያማል። ቤትህ ቁጭ ብለህ መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ተከላካይ 4 ቁጥር፦

መሰረዝ የሚለውን እኔ ጨርሶ አልቀበልም። የኛ ፕሪሚየር ሊግ ሲሰረዝ ሁለተኛው ዙር ገና መጀመሩ ነበር፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ጨዋታ ቀርቶት ነበር። እናንተ ከ18ቱ 13ቱን ጨርሳችኋል። አይመሳሰልም።

ሰርዞ እንዳልነበረ ማድረግ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ከታችኞቹ እርከኖች በአንዱ ጀርዚ ቡልስ የሚባል ቡድን አለ፣ ከጀርዚ ደሴት። 27 ጨዋታ ተጫወተ፣ 27ቱንም አሸነፈ። ማደጉን አረጋግጦ ነበር። መጋቢት ላይ የእግር ኳስ ማኅበሩ የታችኞቹ ሊጎች ውጤት ሙሉ በሙሉ ይሰረዝ አለ፣ የ27ቱም ድል አብሮ ጠፋ። ልጆቹ ለሜዳ ውጪ ጨዋታ በአውሮፕላን ነበር የሚመላለሱት። እኔም ሰፈር ውስጥ ለ11 ዓመት ተጫውቻለሁ፣ የአንድ ዓመት ላብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እባካችሁ አትሰርዙት።

ዳኛ ነበርኩ፦

ልጄ፣ ለ20 ዓመት በሰፈርና በወረዳ ውድድር ፊሽካ ነፍቻለሁ። አንድ ነገር ልምከርህ። ሒሳቡን ከማውራትህ በፊት ደንባችሁን አውጣና አንብብ፤ ውድድር ቢቋረጥ ምን ይደረጋል የሚል አንቀጽ አለ? ከሌለ ዛሬውኑ አንቀጽ ጻፉ። ሲጻፍ ደግሞ የቡድን ስም ሳይነሳ ይጻፍ። መጀመሪያ አካሄዱ ይጽደቅ፣ ውጤቱ በኋላ ይታይ። ገልብጣችሁ ከሠራችሁት ሁሉም ለሚጠቅመው ነው እጁን የሚያወጣው።

ስንት ድምፅ ይበቃል የሚለውንም ቀድማችሁ ወስኑ። እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ከ20 ክለብ 14 ካልተስማማ ነገር አያልፍም። እናንተ ከአሥር ሰባት ብትሉ ጥሩ ነው። ከዚያ ሁሉም የቡድን መሪ ይፈርም።

ሄኒ ከፍራንክፈርት፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ከጀርመን ያየሁትን ልጨምር። ቡንደስሊጋው እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 2020 ሲመለስ ከትልልቆቹ ሊጎች የመጀመሪያው ነበር። ዶርትሙንድ ሻልከን 4 ለ 0 ያሸነፈበት ቀን ነው። 80 ሺህ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ባዶ ነበር። ሃላንድ ጎል አግብቶ ጓደኞቹ ራቅ ራቅ ብለው ቆመው ነው ደስታቸውን የገለጹት። ተቀያሪዎቹ ማስክ አድርገው ተራርቀው ይቀመጡ ነበር። ቡድኖቹ በአንድ አውቶቡስ ተጨናንቀው አይመጡም ነበር። ኳሶቹ በፀረ ተሕዋስያን ይጸዱ ነበር። ቅያሪም ከሦስት ወደ አምስት ከፍ ተደርጓል፣ እሱን የዓለም የደንብ አውጪው አካል ነው የፈቀደው።

ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ሁለተኛው ዲቪዚዮን ሊጀመር ሲል ዳይናሞ ድሬስደን ላይ ተጫዋቾች ተያዙና ቡድኑ በሙሉ ለ14 ቀን ቤት ተቀመጠ። ያመለጡት ጨዋታዎች ወደ ኋላ ተገፉለት። ፎርፌ አልተሰጠበትም። እናንተም ይሄንን ጻፉት። የታመመ ቡድን ፎርፌ ይሰጥበታል ካላችሁ የታመመው ልጅ ይደብቃል። ጓደኞቹም ይደብቁለታል። ትኩሳቱን በፓናዶል አስታግሶ ገብቶ ይጫወታል። ዋንጫ ቢቀር ይሻላል።

ነርሷ እህታችሁ፦

ሄኒ ያለው ላይ እኔም ልጨምር፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ሙቀት መለኪያ ግዙ፣ ግን ሁሉ ነገር በሱ አያልቅም፤ ቫይረሱ ኖሮበት ምንም ትኩሳት የሌለው ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ልጆቹ ከቤት ማልያቸውን ለብሰው ይምጡ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ተሰብስቦ መግባት ይቅር። ሃይላንድ መቀባበል ፈጽሞ ይቅር። እኛ ጋ አንዱ ጠጥቶ ለሌላው ይወረውራል፣ ያንን አውቃለሁ፣ ወንድሞቼ ያደርጉታል። እያንዳንዱ ስሙን ጽፎ የራሱን ይያዝ። መጨባበጥም ጎል ሲገባ መተቃቀፍም ይቅር። የሰፈር ተመልካች መከልከል ከባድ ነው፣ ስለዚህ የቀኑን ጨዋታዎች አራርቁ። አንዱ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሌላው 5 ሰዓት ቢሆን የፊተኛው ሰው ሳይሄድ የኋለኛው አይመጣም።

ሌላው ደግሞ ከእናቱ ጋር፣ ከአያቱ ጋር የሚኖር ልጅ አለ። ስኳር ያለባት እናት ያለችው ልጅ አልጫወትም ካለ ማንም እንዳይወቅሰው። የዋትፎርዱ ትሮይ ዲኒ ሕፃን ልጁ የመተንፈስ ችግር ስላለበት መጀመሪያ ልምምድ አልገባም ብሎ ነበር። ቼልሲም ካንቴ ቤቱ እንዲለማመድ ፈቅዶለታል። እነዚያ በሚሊዮን የሚከፈላቸው ናቸው። የናንተዎቹ በነጻ ነው የሚጫወቱት።

የሊጉ ጸሐፊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ ደንቡን አየሁት፣ ስለ መቋረጥ አንድም ቃል የለም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሰባት እሁድ ላይ 26 ጨዋታ እንዴት ላስገባ? ሁለተኛ፣ ከየቡድኑ ልጆች ሄደዋል፤ አንዳንዱ አገሩ ገብቷል፣ አንዳንዱ ለሌላ ቡድን ልምምድ ጀምሯል። እነሱን በምን እንተካ?

የሜሪላንዱ፦

26ቱን አታስገባም፣ ቀንሰው እንጂ። እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ተስተካካዩን አጫውት። ያኔ ሁሉም እኩል 13 ይሆናል። ከዚያ ሊጉን ክፈለው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ ይጫወቱ፣ ስድስት ጨዋታ ነው። ከ7ኛ እስከ 10ኛም እንዲሁ፣ ስድስት። ከተስተካካዩ ጋር 13 ጨዋታ ሆነ። በእሁድ ሁለት ሁለት ስታጫውት በሰባት እሁድ 14 ቦታ አለህ። ገባ፣ አንድ ቦታም ተረፈ። ያንን የተረፈውን ለታመመ ቡድን አስቀምጠው። ነጥባቸውን ይዘው ነው የሚቀጥሉት፣ ከዜሮ አይጀምሩም። ስኮትላንድ በደህናውም ጊዜ ከ33 ጨዋታ በኋላ ሊጉን ላይና ታች ስድስት ስድስት አድርጎ ይከፍላል፣ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

አሜሪካም ኤምኤልኤስ የሚባለው ሊግ ሐምሌ ላይ ኦርላንዶ ውስጥ ቡድኖቹን ሰብስቦ አጭር ውድድር አደረገ፣ የምድቡ ነጥብ ለመደበኛው ሊግ ተያዘ። ቻምፒዮንስ ሊጉም ሊዝበን ላይ ደርሶ መልሱን ትቶ በአንድ አንድ ጨዋታ ነው ያለቀው። ባየርን ባርሴሎናን 8 ለ 2 ያሸነፈበት ማለት ነው። ጊዜ ሲያጥር ቅርጹን ማሳጠር ነውር የለውም፣ ሁሉም ቀድሞ እስከተስማማ ድረስ።

5ኛውንና 6ኛውን ግን ቀርበህ አነጋግራቸው። የሚጎዱት እነሱ ናቸው፣ ዓመታቸው እዛው ያልቃል።

ቀይ ማልያ፦

ይሄ ሐሳብ ደስ ይላል። ደግሞ 9ኛው ተስተካካዩን ቢያሸንፍ እንኳ 15 ነው የሚሆነው። 6ኛው ስንት አለው?

የሊጉ ጸሐፊ፦

6ኛው 17፣ 7ኛው 14። 5ኛው 18፣ 4ኛው 20። እና ተስተካካዩ ምንም ውጤት ቢመጣ ማን የት ምድብ እንደሚገባ አይለወጥም። አሁን ነው ያየሁት!

ዳኛ ነበርኩ፦

ስለ ተጫዋቾቹ፦ መጋቢት 6 ላይ የተመዘገበ ዝርዝር ይያዝ። እሱ ነው ሕጋዊው። ለሌላ ቡድን ልምምድ የጀመረው ልጅ ይሄን ውድድር በድሮ ማልያው ይጨርስ፣ አልፈልግም ካለ ለማንም አይጫወት። አገሩ የገባውን ለመተካት ለየቡድኑ ሦስት ሰው ፍቀዱ፣ ግን ከአሥሩ ቡድን ዝርዝር ውስጥ ያለ ሰው እንዳይሆን። አለበለዚያ መሪዎቹ ከ5ኛውና ከ6ኛው ምርጥ ምርጡን ይለቅማሉ። ትልልቆቹም በዚህ ተቸግረዋል፣ ኮንትራት የሚያልቀው በፈረንጅ ሰኔ መጨረሻ ላይ ስለነበር። ፊፋ ኮንትራት ውድድሩ እስኪያልቅ ይራዘም አለ፣ ማስገደድ ግን አልቻለም። ራያን ፍሬዘር አላራዝምም ብሎ በርንማውዝን ጥሎ ሄደ፣ ቡድኑም ወረደ።

ሄኒ ከፍራንክፈርት፦

ልምምዱን አትርሱ። ስድስት ወር የተቀመጠ ጡንቻ በአንድ እሁድ አይነሳም። እንግሊዞቹ ግንቦት 19 በትንንሽ ቡድን ያለ ንክኪ ጀመሩ፣ ግንቦት 27 ንክኪ ተፈቀደ፣ ጨዋታው ሰኔ 17 ነው የተጀመረው (ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው)። አንድ ወር ገደማ ነው፣ ያውም ፕሮፌሽናል ሆነው። እናንተም መስከረም 17 ብትጀምሩ አራት ሳምንት ታገኛላችሁ። አምስት ቅያሪም ፍቀዱ።

የሊጉ ጸሐፊ፦

ትናንት ተሰብስበን አሁን ነው የምጽፍላችሁ። ጋሼ እንዳሉት ሰንጠረዡን ጠረጴዛ ላይ አላወጣሁትም። መጀመሪያ አካሄዱን አነበብኩ፣ ከአሥር ስምንት ድምፅ አገኘ። አንደኛው ቡድን ተቃውሞ ነበር፣ ሲካፈል ሁለተኛ እንደሚሆን ሲያውቅ መጫወቱ ይሻላል ብሎ ፈረመ። 5ኛውና 6ኛው ቅር ብሏቸዋል፣ አልደብቅም። ያልተጫወቱት አምስት ጨዋታ ሒሳብ ተሰልቶ ለየቡድናቸው 800 ብር እንመልሳለን፣ የ5ኛው ቡድን መሪ ደግሞ የየእሁዱን ሁለት ጨዋታዎች የመስመር ዳኛ ሆኜ እኔ አራግባለሁ አለ። የታመመ ቡድን ጨዋታው ወደ ክፍቱ ቦታ ይሄዳል እንጂ ፎርፌ የለም የሚለው በሙሉ ድምፅ ነው ያለፈው።

እህታችን፣ ሙቀት መለኪያ አንድ ተገኝቷል። ሁለተኛ የሚያውሰን ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ ጥቅምት 15 ጠዋት 2 ሰዓት ተስተካካዩ ይጀመራል። የ14ኛውን ሳምንት የእርሳስ ጽሑፍ በላጲስ አጥፍቼ አዲሱን ፕሮግራም በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።