በሐምሌ የተከልነው ደንገል ክረምቱን አላለፈም፤ የት ላይ ነው የተሳሳትነው?

ቅዳሜ ጠዋት

ሰላም ለዚህ ቤት። 20 ገደማ በጎ ፈቃደኞች ነን። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ 80 ሜትር የምትሆን የጣና ዳርቻ እንድንንከባከብ ተፈቅዶልናል። ሐሳባችን ሐይቁን የወረረውን መጤ አረም፣ እምቦጩን፣ ነቅለን ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል መመለስ ነው፤ ወፎቹም የዓሣ ጫጩቶቹም መጠጊያ እንዲያገኙ።

በሐምሌ አጋማሽ 150 ያህል ተከልን። አገዳው ለመሸከም ስላስቸገረ ከሥሩ ቆረጥነው፤ ሥሩን በውኃው ጠርዝ ጭቃ ውስጥ ቀበርነው። አሁን በጥቅምት የቀረው 10 አይሞላም። ገሚሱ ተንሳፍፎ ሄዷል፤ ሌላው እዚያው በስብሷል። ጥፋቱ የውኃው ነው፣ የአፈሩ ወይስ የችግኙ? ደግሞ ቦታው ሌሊት ሌሊት ጉማሬ ይወጣበታል፤ ይህንንም የሚያውቅ ቢነግረን።

የታንኳ ልጅ

አፈሩን አትውቀሱት። ወሩ ነው፤ ከወሩ ቀጥሎ ደግሞ ቢላዋው።

ጣና በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል፤ መስከረም ማብቂያ ላይ ደግሞ ከፍተኛው ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በሐምሌ ጠርዝ የነበረው ቦታ መስከረም ላይ ወገብ ድረስ ይጠልቃል። ሥር ያልሰደደ ችግኝ ያን ውኃ አይችለውም፤ ወይ ማዕበል ይነቅለዋል ወይ ይሰጥማል።

አገዳውን ከሥሩ መቁረጣችሁ ደግሞ አባሰው። ደንገል ጭቃ ውስጥ ሆኖ የሚተነፍሰው በአገዳው ነው። ውስጡ ያለው ነጭ ስፖንጅ መሰል ነገር አየር የሞላው ነው፤ ታንኳውን የሚያንሳፍፈውም እሱ ነው። የተቆረጠው አፍ ከውኃ በታች ሲውል ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እዚያው የበሰበሰባችሁ ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ በየካቲት ትከሉ። አሁን ግን አንድ ሥራ አለባችሁ፦ ክረምቱ የደረሰበት መስመር ጭራሮና ቆሻሻ ስለተከመረበት ገና ይታያል፤ ሳይጠፋ በየ10 ሜትሩ ችካል ምቱበት። በኋላ ለብዙ ነገር ያስፈልጋችኋል። በየካቲት ሐይቁ ሲሸሽ የመጀመሪያውን ረድፍ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውኃ ውስጥ፣ ሁለቱን ረድፎች ከኋላው እርጥብ ጭቃ ላይ አድርጉ፤ አንዱ ከሌላው አንድ ሜትር ይራቅ፣ ረድፎቹም ይዛነፉ። ለ80 ሜትር 240 ችግኝ ነው። እስከ ክረምት አምስት ወር ያገኛል። መስከረም ላይ እዚያው ቦታ አንድ ሜትር የማይሞላ ውኃ ቢቆምበትም ደንገሉ ያኔ ከሰው ቁመት ያልፋል።

ችግኙ ምን ይምሰል? አግድም የሚሄደው ወፍራም ሥር አንድ ስንዝር፣ ቢያንስ ሁለት ሕያው አገዳና አንድ አዲስ ቡቃያ ያለው። ጫፉ ላይ ያለውን ጎፈሬ ቁረጡት፣ ነፋስ እንዳይጥለው፤ አገዳው ግን ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ይቅር። ሥሩን ከ10 ሳንቲሜትር በላይ አትቅበሩ። ግማሽ ሜትር የሆነ ባላ ሹካውን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ሥሩን አቅፎ እንዲይዝ፣ ጭቃው ውስጥ ምቱት። ያለ ባላ የተተከለ ደንገል የመጀመሪያው ከባድ ነፋስ ሲነሣ ወደ ዓባይ መውጫ ጉዞ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት

እናመሰግናለን፤ አገዳው አየር የሚያስገባ መሆኑን ማንም አልነገረንም ነበር። 240 ችግኝ ግን ከየት? በግንቦት ያ ጭቃ ሲሰነጠቅስ?

የታንኳ ልጅ

ካረጀ የደንገል ቦታ ውሰዱ፤ ግን በየብሱ በኩል ካለው ጠርዝ፣ በየሦስት ሜትሩ አንድ። በሐይቁ በኩል ያለውን አትንኩ፣ ማዕበሉን የሚሰብረው እሱ ነው። ታንኳ የሚሠሩና ደንገል የሚያጭዱ ሰዎችን ሳታማክሩ አትጀምሩ። እነሱ አገዳውን አጭደው ሥሩን ስለሚተዉት ደንገሉ ያቆጠቁጣል፤ የትኛው ቦታ እንደሚችል የትኛው እንደማይችልም ያውቃሉ። የተነቀለው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ያን ዕለት ይተከል፤ ያደረ ችግኝ ግማሽ ሙት ነው።

ለግንቦቱ ውኃ ማጠጣት ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ለአንዱ 10 ሊትር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ። 240 ሲሆን በአንድ ዙር 120 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ለ20 ሰው ስድስት ስድስት። ዝናብ ሲጀምር ታቆማላችሁ።

ቀርቀሃ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ከአንድ ነገር በቀር። የፊተኛው ረድፍ በአንድ ሜትር ርቀት ለማዕበል ክፍት ነው፤ እሱን በግማሽ ሜትር አድርጉት። 80 ችግኝ ይጨምራል፣ ግን ያዋጣል።

ማንም ያላነሳው ደግሞ አለ፦ የሚንሳፈፈው እምቦጭ። ነፋስ የገፋው ምንጣፍ ለጋ ደንገል ላይ ሲወጣ ይጫነዋል፣ ይሰብረዋል። ከፊት ረድፉ ሦስት ሜትር ወደ ሐይቁ ገባ ብላችሁ በየሁለት ሜትሩ የቀርቀሃ ቋሚ ትከሉ። አግዳሚውን ቀርቀሃ በምስማር አትምቱት፤ ሰፋ ባለ የገመድ ቀለበት እሰሩት። ቀርቀሃ ስለሚንሳፈፍ ከውኃው ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ በምስማር የተመታው ግን ነሐሴ ላይ ውኃ ውስጥ ቀርቶ እምቦጩ በላዩ ያልፋል። መረብ እንዳትዘረጉ፤ ወፍና ዓሣ ታንቆ ይሞትበታል።

የተያዘውን እምቦጭ በየሳምንቱ ንቀሉ፣ ሐምራዊ አበባው ሳይወጣ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ አንዴ ካፈራ ሥራው ለልጆቻችሁ ተረፈ ማለት ነው። በገጀራ አትከታትፉት፣ ቁራጩ ራሱ ይበቅላል። ስትነቅሉ ሥሩን እዚያው ውኃው ላይ አራግፉት፤ የዓሣ ጫጩትና እንቁራሪት ተጠልሎበት ይገኛል። ከዚያ ከችካሉ መስመር በላይ ከምሩት፤ ከመስመሩ በታች ከተከመረ ክረምቱ መልሶ ይወስደዋል። አበባ ያላወጣው ደርቆ የኋለኞቹን ሁለት ረድፎች እርጥበት ለመያዝ ይሆናል። ፊላንና የውኃ አበባን ግን ከእምቦጩ ጋር አብራችሁ እንዳትጠርጉ፤ እነሱ የሐይቁ ናቸው።

ከየካቲት እስከ ሰኔ ሌላው ጠላት ከብት ነው። ሌላው ሣር ሲደርቅ ለጋ ደንገል ከረሜላ ነው። በየብሱ በኩል የእሾህ አጥር፣ ከዚያም በፊት ከእረኞቹ ጋር ንግግር። እግረ መንገዴን፦ ከችካሉ በላይ ዛፍ ከፈለጋችሁ ዶቅማ፣ ሾላ፣ ዋንዛ። ባሕር ዛፍ የሚያመጣላችሁን አመስግናችሁ መልሱት።

ነርስ በትርፍ ጊዜ

ስለ ጉማሬውና ስለ ጤናችሁ።

የጉማሬ መንገድ ይታወቃል፦ ግራና ቀኙ እንደ ቦይ የተረገጠ፣ መሃሉ ጉብ ያለ። እዚያ ላይ አትትከሉ፣ አታጥሩም፤ አራት ሜትር ክፍት ተዉለት። ከዘጋችሁት አጥሩን አፍርሶ ያልፋል፣ ችግኙንም ይረግጠዋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ማንም ዳርቻው ላይ አይገኝ። ዘግይቶ የቀረ ጉማሬ የብስ ላይ ካያችሁ በእሱና በውኃው መካከል አትቁሙ፤ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውኃው ነው።

ጣና ቢልሃርዝያ አለበት፤ ውኃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው። ቀንድ አውጣው ትሉን በብዛት የሚለቀው ፀሐይ ሲበረታ፣ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ውኃ የሚነካውን ሥራ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ጨርሱ፤ ውኃ መቅዳቱም ከዚሁ ይቆጠራል። ቦት ጫማና ረጅም የጎማ ጓንት፤ የረጠበ ቆዳ ወዲያው በፎጣ ይጠረግ። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ ያድርግ፤ ቶሎ ቢመረመር እንቁላሉ ላይታይ ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋት

ችካሉን በዚህ ቅዳሜ እንመታለን። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ዳርቻው ላይ የናይለን ክርና መንጠቆ ሞልቷል። ወፍ ተጠልፎ ብናገኝ ምን እናድርግ?

ቀርቀሃ

ክሩን አትጎትቱ። አንድ ሰው ጨርቅ ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ ክንፎቹን ሰብስቦ ይያዝ፤ ጨለማ ሲሆንበት ይረጋጋል። ሌላው ክሩን በመቀስ ይቁረጥ፣ ቆዳው ውስጥ የገባ እንዳለ ይፈትሽ። መንጠቆ ከሆነ ወደ መጣበት አትሳቡት፤ ጫፉ እስኪወጣ ወደፊት ግፉት፣ የመንጠቆውን ተመላሽ እሾህ በፒንሳ ቆርጣችሁ ከዚያ መልሱት። የዋጠው ከሆነ ለእንስሳት ሐኪም ነው። ፔሊካን ላይ የተለየ ጥንቃቄ አለ፦ የሚተነፍሰው በአፉ ስለሆነ አፉን ግጥም አድርጋችሁ አትያዙት፤ አንድ ጣት መሃል አስገቡ።