ተራ አስከባሪ ባይኖር ተራ ይጠበቃል? (የምጠይቀው ስለ መንግሥት ነው)

ባለ ባጃጁ፦
ሰላም ናችሁ? ድሬዳዋ ነው ያለሁት፣ ከሳቢያን ከዚራ ባጃጅ እነዳለሁ። ጥያቄዬ፣ ሰው ያለ መንግሥት መኖር ይችላል ወይ ነው። አትሳቁ፣ ምክንያት አለኝ።

አምና መነሻችን ላይ የነበሩት ተራ አስከባሪዎች አንድ ጠዋት ጠፉ። ማኅበራቸው ፈረሰ ተባለ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በየምልልሱ 5 ብር እንሰጣቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ድብድብ ይነሳል ብለን ፈራን፣ ምንም አልተነሳም። በዕድሜ የሚበልጠን አንድ ሹፌር ደብተር ገዛ። የመጣ ሁሉ የሰሌዳ ቁጥሩን በተራው ይጽፋል። እስክሪብቶው በሲባጎ ከሻይ ቤቷ መስኮት ጋር ታስሯል። እሱ ሥራ ላይ ሲሆን ሻይ የምታፈላው ልጅ ትጽፋለች። እሷን ደግሞ ማንም አይከራከራትም፣ ዱቤ አለብንና።

ሦስት ሳምንት ያለ ጭቅጭቅ ሰራን ወላሂ። 5 ብሯም ኪሳችን ቀረች።

ከዚያ የማናውቃቸው ባጃጆች መምጣት ጀመሩ። ደብተሩን ስናሳያቸው ሳቁብን። ከፊት ይገቡና ጭነው ይሄዳሉ። ምን ታደርጋለህ? ከመሃላችን ደረታቸው ሰፋ ያለ ሦስት ልጆች መረጥንና «እናንተ ቁሙልን» አልናቸው። ቆመው ሲውሉ ግን ሥራ ይቀርባቸዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዳችን በየምልልሱ ይሰጣቸው ተባለ። ስንት? 5 ብር።

ይህን ታይዋን ከምንለው የከተማችን ገበያ ዕቃ ጭኖ ለተሳፈረ አንድ ነጋዴ ነገርኩት። «ሶማሊያ የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1983 ወድቆ ሰው ስልክ ይደውል፣ በሐዋላ ብር ይልክ፣ ይነግድ አልነበር እንዴ?» አለኝ። ሲወርድ ደግሞ 10 ብር አጉድሎ ከፈለኝ። እና እናንተ ምን ትላላችሁ? ይቻላል ወይስ ዞሮ ዞሮ ወደ 5 ብሯ ነው?

ፍሬን የለሽ፦
ኧረ አቦ ሥራህን ሥራ! መንግሥት ከሌለ ቤንዚን ማን ይቀዳልሃል?

ባለ ባጃጁ፦
አሁንስ ማን ቀዳልኝ? ይሄን የምጽፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሬ ከያዝኩት ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው።

የእድር ጸሐፊ፦
ልጄ፣ እኔ ከጎርፉ በፊት ጀምሮ የእድር ጸሐፊ ነኝ። እድራችን ፖሊስ የለውም፣ እስር ቤት የለውም። ያለው ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ጥሩምባ ነፊ ነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ሰውም ያጉረመርማል እንጂ ይከፍላል። ለምን? ነገ እናቱ ስትሞት ብቻውን እንዳይቆም ነዋ። ይህን ሁሉ ዓመት ፍርድ ቤት የወሰድነው ሰው የለም። ስለዚህ የደብተራችሁ ነገር አልገረመኝም። የምትተዋወቁ ሰዎች ናችሁ።

ግን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ልንገርህ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ነው። ዝናቡ ከላይ፣ ደጋው ላይ ጥሎ ነበር። ሌላ ጊዜ አሸዋ የሆነው ወንዝ በተኛንበት መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። በማግስቱ እድሮች ያደረግነውን ማንም አላዘዘንም። ድንኳን ተዋዋስን፣ ስሙ ያልታወቀውን ሁሉ አብረን ቀበርን። የማን አባል ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚያ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ቀበርን እንጂ ውሃውን አላቆምንም። ደጋው ላይ ዛፍ የሚቆርጠው ሰው የእኔ እድር አባል አይደለም፣ አልቀጣውም። በኋላ በወንዙ ዳር የተሰራው ግንብም በእኛ መዋጮ የሚሰራ አልነበረም። በወር መዋጮ ስንት ሜትር ይወጣል? ሁለት?

ሸዋ በር፦
ከሐረር ነኝ። አባባ፣ ስለ ጎርፉ አንጀቴን በላኸው። ግን ያን ጊዜም መንግሥት ነበረ እኮ። ከጎርፉ በፊት ግንቡን ያልሰራው ማን ነው?

እኔ ያደግኩት ቢጫ ጀሪካን ተሸክሜ ነው። ሐረር ውሃ የምትጠጣው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር፣ ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ደለል ሞላው፣ ከተሞቹ ጠጡት፣ ዳር ዳሩን ሞተር የተከለው ገበሬ ደግሞ ጫቱንና ድንቹን አጠጣበት። ገበሬው አልጠፋውም፣ ውሃው ወደ ውስጥ ሲሸሽ ቱቦውን እያስረዘመ ነበር የሚከተለው። ግን እሱ ሞተሩን ቢያጠፋ ጎረቤቱ አያጠፋም፣ ታዲያ ምን ያተርፋል? ልክ እንደ እናንተ፣ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ማለት ነው።

ሐይቁ ዳር መንግሥት አልነበረም እንዳትሉኝ። ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ሁሉም ነበረ። ሐይቁ ኦሮሚያ ነው፣ የምትጠማው ሐረር ደግሞ ሌላ ክልል ናት። ደብተር ያላቸው ብዙ፣ «ሞተርህን አጥፋ» የሚል አንድም የለ።

ሰፈራችን ቦኖ ላይ ግን የአያቴ አፎቻ ሴቶች ነበሩ፣ አፎቻ እንደ እናንተ እድር ያለ የሐረር ማኅበር ነው። ነፍሰ ጡርና ልጅ ያዘለች ቅድሚያ፣ ለሌላው በየቤቱ ሁለት ጀሪካን ብቻ። የፖሊስ ሚስት ሦስተኛ ጀሪካን ይዛ መጥታ ሲመልሷት በዓይኔ አይቻለሁ። ቦኖው ውስጥ ውሃ ያመጡት ግን እነሱ አይደሉም። ውሃው በኋላ ከእናንተው በኩል፣ ከድሬ ጃራ በቧንቧ መጣ። ሐይቁ ራሱ አሁን ተመልሶ ውሃ ይዟል፣ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሞተር እቆጥራለሁ።

እንግዳው፦
ድሬ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። አባባ፣ እርስዎ በጻፉት እስማማለሁ። ነጋዴው ግን ግማሹን ነው የተናገረው። ሶማሌ መንግሥት ቢያጣ ሕግ አላጣም፣ ሔር የሚባል የባህል ሕግ አለው። በባህሉ ለተገደለ ወንድ ደም ካሳው 100 ግመል ነው፣ ከፋዩ ደግሞ ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ዘመዱ ሁሉ ነው። የራስህ ግመል ሊሄድ ስለሚችል የአጎትህን ልጅ ራስህ ትጠብቀዋለህ። ኢሳ የሚባለውን የሶማሌ ጎሳ ሔር ዩኔስኮ በ2017 መዝግቦታል፣ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት።

ችግሩ ደምህን የሚጠይቅልህ ትልቅ ዘመድ ከሌለህ ነው። በ1984ቱ የሶማሊያ ረሃብ ክፉኛ ያለቁት በሁለቱ ወንዞች፣ በጁባና በሸበሌ መካከል ያሉ ገበሬዎች ናቸው። እህላቸውን ባለ ጠመንጃ ሲዘርፈው የሚከራከርላቸው አልነበረም። ስልኩ የሠራው በኋላ ነው፣ ለተረፈው።

የእድር ጸሐፊ፦
እርስዎ ያልከኝ ልጅ፣ ድሬ ላይ አንተ በለኝ፣ አታስረጀኝ። ሸዋ በር፣ ስለ ግንቡ መልስ የለኝም። ልክ ነሽ።

ባለ ባጃጁ፦
ቤንዚን 4 ሰዓት ላይ ደረሰኝ፣ ለምትጨነቁልኝ። ሸዋ በር፣ ያቺን የፖሊስ ሚስት ነገር ለሻይ ቤቷ ልጅ ነግሬያት ስትስቅ ዋለች።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም። የመረጥናቸው ሦስት ልጆች አሁን 5 ብሯ ታንሳለች፣ 10 ትሁን ብለዋል። አንዱ ደግሞ የወንድሙን ባጃጅ ያለ ተራ ያስጭናል። እኛ ነን «ቁሙልን» ያልናቸው፣ «ተቀመጡ» ማለት ግን አቃተን፣ ደረታቸው አሁንም ሰፊ ነው። አባባ፣ እድር ውስጥ ሰው ገንዘብ ሲበላ እንዴት ነው የምታወርዱት?

የእድር ጸሐፊ፦
በዓመት አንዴ ሒሳቡ ሁሉም ባለበት ጮክ ተብሎ ይነበባል። እኔን ራሴን አንድ ጊዜ በ340 ብር ከሰዓት እስኪመሽ አቁመውኛል። ሚስቴም ከጠያቂዎቹ ጋር ነበረች። ደረሰኙ በሳምንቱ ጃንጥላዬ ውስጥ ተገኘ። እናንተ ግን ዓመት አትጠብቁ፣ በየሳምንቱ አንብቡ። የሚያነበውም ከሦስቱ አንዱ አይሁን። ስብሰባ አላችሁ?

ባለ ባጃጁ፦
ዛሬ፣ ከበርጫ በኋላ፣ ሻይ ቤቷ ጋ። ልጅቷ ታንብበው ብለናል።

የእድር ጸሐፊ፦
እመጣለሁ። ወንበር ካነሳችሁ ከእድሩ አስጭናለሁ፣ የተሰበረ ግን ይከፈላል።